ማርቲንን ወንጪ የላክሁበት ቀን

ለነፍስ አባቴ ያልነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ፊታቸው ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬያለሁ። ሰው ተቆጣሁ፣ ሐሜት ሰማሁ፣ ጾም ሻርኩ ብያለሁ። ይቺን ግን ጉሮሮዬ ላይ አድርሼ እመልሳታለሁ። እሳቸው ሳይሰሙ እናንተ እንድትሰሙ ማድረጌ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። እናንተ አታውቁኝም፤ ለማያውቁት ሰው መናገር ይቀላል። ፈሪነቴ ከዚሁ ይጀምራል፣ ልብ በሉት።

ጽሕፈቴ ጥሩ አይደለም። ፊደል የቆጠርኩት አግብቼ ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሥራዬ አምቦ ከተማ ወፍጮ ቤት እህል መፍጨት ነበር። እርጅና እስኪያስቀምጠኝ ድረስ ስፈጭ ኖርኩ። ኦቦ ገመቹ ይሉኛል። ሚስቴ ከሞተች ቆይታለች፣ ልጆቼ በየፊናቸው ሌላ ከተማ ገብተዋል። ግቢዬ ውስጥ አንዲት ትርፍ ክፍል ነበረችኝ፤ ማርቲን የገባው እዚያች ክፍል ነው።

ማርቲን ኮሮና በገባበት ዓመት መስከረም ላይ ከባሕር ማዶ የመጣ ልጅ ነው። ረጅም ነው፣ ፀሐይ አንገቱን አቅልታዋለች፣ ጢሙ ገና በቅጡ አልወጣም። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህራኑን ሊያግዝ፣ ተማሪዎቹን በእንግሊዝኛ ሊያናግር ነበር የመጣው። ረዳት መምህር ነው አሉኝ። አገሩ ስኮትላንድ ይባላል። እኔ «ያው እንግሊዝ ነው» ስለው ይቆጣል። ሲቆጣ ስለሚያስቀኝ ሆን ብዬ ደጋግሜ እለው ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ውሃ ጠፋ። ልጁ ባዶ ጀሪካን ጉያው ውስጥ ይዞ በሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ለማን አቤት እንደሚል አያውቅም። ውሃ በመጣ ቀን ያለውን ዕቃ ሁሉ መሙላት እንዳለበት አሳየሁት። ባጃጅ ውስጥ ብቻውን ገብቶ ለምን አይሄድም ብሎ ሲጨነቅ፣ ሰው እስኪሞላ መሆኑን ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ፈጠን ፈጠን እያለ ሰውን ሁሉ ያልፍ ነበርና ጎረቤት «ይሄ ልጅ ከማን ጋር ተጣልቶ ነው?» ማለት ጀመረ። እሱንም አስቀምጬ ነገርኩት። እዚህ አገር ሰላም ሳይሉ ማለፍ መስደብ ነው፣ ጠዋት አካም ቡልቴ ትላለህ፣ ቤተሰቡ ደህና ነው ወይ ትላለህ፣ መልሱን ቆመህ ትሰማለህ አልኩት። ትንሽ ደብተር አለችው፣ እሷ ላይ ይጽፋል። ታላቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫ ተነስቶ «ኖር» እንደሚባል ሳስተምረው፣ ለሦስት ቀን ያህል ለገባ ለወጣው ሁሉ እየተነሳ አስቸገረን። ለባጃጅ ነጂው ጎረምሳ ሳይቀር ተነሳለት። ጎረምሳው «ጋሼ፣ እኔ መቼ ነው ያረጀሁት?» ብሎኝ በሳቅ ወደቅን።

ከሥራ ሲመለስ ደጃፌ ያለችው አግዳሚ ላይ ከጎኔ ይቀመጣል። ይሄ ምን ይባላል፣ ያ ምን ይባላል ይለኛል። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያቀላቀልኩ እነግረዋለሁ። የማውቃትን ያህል ፊደል እጁን ይዤ አስጽፈዋለሁ። መምህሬ ይለኝ ነበር።

እስቲ አስቡት። እኔን። ዕድሜዬን በሙሉ ዱቄት ለብሼ የኖርኩትን፣ ሰው ማዳበሪያውን አውርዶ «ቶሎ በልልኝ አንተ» የሚለኝን ሰውዬ። ውቅያኖስ አቋርጦ የመጣ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ መምህሬ አለኝ። ገበያ ይዤው ስሄድ ቀስ ብዬ ነበር የምራመደው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው። ይሄ ነው የኔ ነገር። ከዚህ ነው የሚነሳው።

ከአጥሬ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቼ ደሬሳና ሚስቱ አዴ ጫልቱ ናቸው። ደሬሳ በካቺሲም በእንጭኒም ከተማ አስተምሮ በጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሰፈሩ በሙሉ ባርሲሳ ይለዋል፣ መምህር ማለት ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ነን። እሱ ትምህርት ቤት ሲገባ እኔ አልገባሁም፣ ልዩነታችን እሷው ናት። ጫልቱ ደግሞ ሚስቴ የሞተች ጊዜ ሰልስቱን ሙሉ ከቤቴ ያልወጣች፣ ከዚያም በኋላ ምሳዬን በአጥር ላይ እያሳለፈች ያበላችኝ ሴት ናት። ይህን ስነግራችሁ ማንን እንደበደልኩ እንድታውቁ ነው።

ኅዳር ላይ ማርቲን በታይፎይድ ወደቀ። ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያደረ ልጅ እጄ ላይ ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ። ሲነጋ እጁን ይዤ እነጫልቱ ቤት ያስገባሁት እኔው ነኝ። አስር ቀን አስተኝታ አስታመመችው። አጥሚት እያጠጣች፣ ልብሱን በእጇ እያጠበች፣ ኢልመ ኮ እያለች። ልጄ ማለቷ ነው። መውለድ አልሆነላቸውም ነበር እሷና ደሬሳ። ልጁ ድኖ ወደ ክፍሉ ሲመለስ የሚተኛው እኔ ግቢ ነው እንጂ ልቡ እዚያው ቀርቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ አግዳሚዬን ሰላም ብሎ ያልፋታል። ሰላምታውም እኔ ያስተማርኩት ሰላምታ ነው፤ ቆሞ፣ መልሱን ሰምቶ ነው የሚሄደው። ግን ይሄዳል። ከአጥሩ ማዶ ሲስቁ እሰማለሁ። ምን እንደሚያስቃቸው ለመስማት ዶሮ የማባርር እየመሰልኩ አጥሩ ጥግ እቆማለሁ። ሽማግሌ ሰው፣ ዱላ ይዞ፣ የሌለ ዶሮ ሲያባርር።

አንድ እሑድ ጫልቱ «ኦቦ ገመቹ፣ ምን ሆነው ጠፉ? ይምጡ እንጂ» ብላ ጠራችኝ። ገባሁ። ደሬሳ መነጽሩን አድርጎ የልጁን ደብተር ያገላብጣል። እኔ ያስጻፍኩትን በቀይ እያረመ ነው። ቀና ብሎ ሳያየኝ «ማርቲን፣ ይሄን ማን ነው ያስጻፈህ? ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የተማርከው? እያንዳንዱ ቃል ዱቄት ዱቄት ይላል» አለ። ከዚያ አየኝና ይበልጥ ሳቀ። «ና ተቀመጥ፣ ባልደረባዬ» አለኝ። ደሬሳ እንዲህ ነው፣ በልጅነታችንም ሲቀልድብኝ ነው የኖረው፤ ክፋት የለውም። ጫልቱ «ተው እንጂ» አለችው እየሳቀች። ማርቲንም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ያን ቀን ልጁ ሊወጣ ሲል ደሬሳን «ባርሲሳ ኮ፣ ደህና ይሁኑ» አለው። መምህሬ ማለቱ ነው።

ሽማግሌ በባዕድ ልጅ ይቀናል? በጓደኛው ይቀናል? በምታበላው ሴት ይቀናል? እኔ ቀናሁ። በሦስቱም ቀናሁ። የጫልቱን ምሳ እንኳ ሳልጨርስ መመለስ ጀመርኩ።

ጥምቀት አልፎ፣ ትምህርት ቤቱ ለግማሽ ዓመቱ እረፍት በተዘጋ ሰሞን፣ ጫልቱ ሞተች። ደም ግፊት ነው። ማታ ደህና አምሽታ ጠዋት አልነቃችም። ገና ፀሐይ ሳትወጣ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ በሰፈሩ ዞረ። ማርቲን በባዶ እግሩ ወጣ።

«ማን ነው የሞተው፣ መምህሬ?» አለኝ።

ነገርኩት። ሮጦ ወደ ክፍሉ ገባ። ጥቁር ሹራብ አድርጎ፣ የጫማውን ክር እየጎተተ ተመልሶ መጣ። አጠገቤ ተንበርክኮ እያሰረ፣ «ስገባ ምን ልበል? እዚያ ምን ይባላል? ማልቀስ ይፈቀዳል?» አለኝ።

መምህሬ ካለኝ ሁለት ወር ሊሆነው ነበር። ደሬሳን መጠየቅ አይችልማ፣ ደሬሳ ሐዘንተኛ ነው። ስለዚህ ወደ እኔ መጣ። ያንን ጊዜ ነበር ስመኝ የከረምኩት። ልቤ ሊራራ ይገባ አልነበር? ይልቁንስ ልጁ ድንኳን ውስጥ ገብቶ እንደ ልጅ ሲያለቅስ፣ ደሬሳ እንደ አባት አቅፎት አብሮት ሲያለቅስ፣ ሰፈሩ በሙሉ ይህን ሲያይ ታየኝ። እኔ ደግሞ ከኋላ ከሰዉ መሀል ተቀምጬ። ይሄ ታየኝና አፌ ተከፈተ።

«ጫማህን ፍታ» አልኩት። «በእኛ ወግ ባዕድ ሰው ቀብር ላይ አይቆምም። ሐዘንተኛው ደጃፍም አይደርስም፤ ለቤቱ ጥሩ አይደለም። አርባዋ ሲወጣ ነው የምትሄደው።»

«እሷ ግን ኢልመ ኮ ነው የምትለኝ።»

«ለዚያ ነው የምነግርህ። የምትወዳቸው ከሆነ ራቅ በል። ሰፈሩ ውስጥም ባትታይ ይሻላል። ወንጪ ሐይቁን ማየት ትፈልግ አልነበር? ዛሬ ሂድ፣ ሰልስቱ ሲያልፍ ና።»

ዓይን ዓይኔን አየኝ። «እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ።

«መቼ ዋሽቼህ አውቃለሁ?» አልኩት።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ እውነት ነበር፣ ዋሽቼው አላውቅም። የኖርንበትን ወግ አንድ በአንድ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ አንዱም አሳፍሮት አያውቅም። በዚያ ሁሉ እውነት ላይ ነው ውሸቴን የጫንኩት።

ሻንጣውን አዝሎ ወጣ። መታጠፊያው ላይ የእድሩን የድንኳን ብረት ተሸክመው ከሚመጡ ጎረቤቶቻችን ጋር ተገናኘ። መንገድ ለቆላቸው ጎንበስ አለና አለፈ። እነሱ ዞረው እያዩት የወንጪ መኪና ውስጥ ገባ። እኔ አጥሬ ሥር ቆሜ ይህን ሁሉ አየሁ። ልጠራው እችል ነበር። ድምፄ አላነሰኝም።

በእኛ አገር ሠርግ ብትቀር ሰው ይቀየምሃል፣ ይረሳልሃል። ለቅሶ የቀረ ግን ተቆርጦ ቀረ። ሀብታም ይሁን ምሁር አይጠየቅም። ይህን የማያውቅ የአገር ሰው የለም። እኔም ሳውቅ ነው የላክሁት።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳኑ ውስጥ ስንቀመጥ ደሬሳ ቀና ብሎ ፈለገ። ሰዉን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና «ገመቹ፣ ልጁ የታለ? አልሰማም እንዴ?» አለኝ።

«ሰምቷል። ነግሬዋለሁ» አልኩ።

ዋሸሁ? ቃሏ ውሸት የለባትም፤ እንዲያ ብዬ ራሴን ስደልል ነበር ያንን ሰሞን። ከመጀመሪያው ውሸት ይቺ እውነት ትብሳለች። ደሬሳ ራሱን ነቀነቀና የድንኳኑን መግቢያ ማየት ጀመረ። ቀኑን ሙሉ እዚያ ሲያይ ዋለ።

በማግስቱ የጫልቱ የአክስት ልጅ ከሐሮ ወንጪ ለለቅሶ መጣ። ሰው ጨዋታ ሲጀምር ይሄ ሰውዬ፣ ምንም ሳያውቅ፣ «ስነሳ አንድ ፈረንጅ ሐይቁ ላይ በጀልባ ሲሄድ አይቼ መጣሁ። ከአምቦ ነኝ አለኝ። አማርኛውን አስተካክሎ ነው የሚናገረው፣ ማን እንዳስተማረው እንጃ» አለ። ደሬሳ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። ከጎኔ ያለ ሰውዬ «አበላች፣ አስታመመች፤ ውለታዋ ይኸው» አለ። እኔ ንፍሮ እየቃምኩ ነበር። መቃሜን አላቆምኩም።

ማርቲን በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ጀልባው ላይ የወጣሁት አልቅሼ እንዳይታይብኝ ብዬ ነው፣ መሀል ሐይቅ ላይ ሰው የለም አለኝ። ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ። ከዚያ ወጥቶ ለጎረቤት አካም ቡልቴ ሲል የሚመልስለት አጣ። ባለ ሱቋ ዕቃውን ባንኮኒ ላይ ወርውራ ፊቷን ታዞርበታለች። ትምህርት ቤትም ዜናው ቀድሞት ገብቶ ነበር፣ መምህራኑ እሱ ሲገባ እየተነሱ ይወጣሉ። «ምን አጠፋሁ?» ይለኛል ማታ አግዳሚው ላይ። አግዳሚው ላይ ተመልሶ ነበር፣ ሌላ የሚሄድበት የለውማ።

«ሐዘን ነው፣ ሰው ሐዘን ላይ ሲሆን እንዲህ ነው። አርባዋ ሲወጣ ይለቅቃቸዋል» እለዋለሁ።

ደስ አለኝ። መጻፍ የምፈራው ይህንን ነው፤ ይኸው ጻፍኩት። ልጁ እንደዚያ ሆኖ፣ ከጎኔ ሲቀመጥ ደስ አለኝ።

ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ እያንዳንዷን ቀን በእስክሪብቶ ይሰርዝ ነበር። አርባዋ ዕለት ጥቁር ለብሶ፣ የጧፍ ጥቅል ይዞ ወጣ። አንድ ነገር ብዬ ላስቀረው ፈልጌ ነበር። ከኋላው ተከተልኩት። ደሬሳ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሰው ይቀበላል። ማርቲን ዝቅ ብሎ እጅ ነሳና እንዳስተማርኩት «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለ።

ደሬሳ ከላይ እስከ ታች አየው። «ሐይቁ እንዴት ነበር?» አለው። «በጀልባም ሄድክ አሉ። ጥሩ ነው።»

ልጁ ግራ ገባው። «ባርሲሳ፣ እኔ አርባ ቀን ነው የጠበቅሁት። ወጉ እንደዚያ ነው ብለው...» ብሎ ጀመረ። ቀስ ብሎ ዞሮ እኔን አየ። እኔ መሬት አየሁ። ያን ጊዜ ገባው። እንደገባው በፊቱ አየሁ፣ ስለዚህ መሬት አየሁ ያልኩትም ሙሉው እውነት አይደለም፤ ሰርቄ አይቼዋለሁ።

አንዲት ቃል ብትወጣው እኔ አለቀልኝ። ቃሉን ያውቃል፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። «ይሄ ሰውዬ ነው» ማለት ይበቃ ነበር። ወደ ደሬሳ ተመለሰና «ጥፋቱ የኔ ነው። አላወቅሁም» አለ። ጧፉን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ደሬሳ ጧፉን አላነሳውም።

ለምን አላጋለጠኝም? ሽማግሌ አይዋረድም ብዬ ስለነገርኩት ይሆን? በአገሩ እንደዚያ ነው? አላውቅም። ቢያጋልጠኝ ይሻለኝ ነበር ማለት አሁን ቀላል ነው። ያን ቀን ግን ዝም በማለቱ ተንፈስ ነው ያልኩት።

ሳምንት ሳይሞላ ኮሮና ገባ ተባለ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። መንገድ ላይ ፈረንጅ ያየ ሁሉ አፍንጫውን እየያዘ ይሸሻል፣ «ኮሮና» እያለ ይጮህበታል። ባርሲሳ ደሬሳ አንድ ጊዜ ከጎኑ ቢሄድ በዚያ ሰፈር አንድ ሰው ትንፍሽ አይልም ነበር። ማን ይሂድለት? ልጁ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። እኔ ምግብ በሳህን እያደረግሁ አንኳኳለሁ። እንግዲህ የኔ ብቻ ሆነ። ጫልቱ የለች፣ ደሬሳ የለ፣ ጎረቤት የለ። በሩን ከፈት አድርጎ ሳህኑን ይቀበለኝና በእንግሊዝኛ «ታንክ ዩ» ይለኛል። በአማርኛ እንዴት አደርክ ስለው በእንግሊዝኛ ይመልሳል። በኦሮምኛ ስሞክረው በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ሳይቆጣ፣ ረጋ ብሎ። እጁን ይዤ ያስጻፍኩትን ቋንቋ በሙሉ ከእኔ ጋር ተወው። ከዚያ ወደ አገሩ ሊመልሱት መኪና መጥቶ ወሰደው። ክፍሏን ጠርጎ ነበር የሄደው። መምህሬም ጋሼም አላለኝም።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት ሄደዋል። ደሬሳና እኔ አሁንም ጎረቤት ነን፣ እድር ላይ ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው። ዓይኑ ደክሟል፣ ሰው የሚለየው በድምፅ ነው። ባለፈው ሰሞን ከስብሰባ ስንመለስ ክንዴን ይዞ እየተራመደ፣ «ገመቹ፣ ከሰው ሁሉ ያ ልጅ ነው ያልገባኝ» አለኝ። «ያን ዕለት ወጉ ነው ያለኝ ሰበብ ነበር፤ ምን አስቀይመነው ይሆን? ጫልቱ ምን ብላው ይሆን? እኔ ደብተሩ ላይ ስቀልድ ከፍቶት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።»

ይህን ሁሉ ዓመት የራሱን ጥፋት ሲፈልግ ኖሯል። የሟች ሚስቱን ጥፋት ሲፈልግ። እኔ ደግሞ ክንዴን አስይዤው «እንጃ እንግዲህ» አልኩ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ይህን ወረቀት ጀመርኩ።

ብቸኛ ነበርኩ አልልም። ያልተማርኩ ነኝ አልልም፤ ለቅሶ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ስለቀለደብኝ ነው አልልም፤ ጽሕፈቴ ያኔም ዱቄት ነበር፣ አሁንም ነው። ቀንቼ ነው። ቀንቼ ዋሸሁ፣ ቀንቼ ዝም አልኩ። ዝምታውን በየቀኑ ነው ያደስኩት።

ማርቲን የት እንዳለ አላውቅም። ይቅር በለኝ የምልበት አድራሻ የለኝም፤ ቢኖረኝም በየትኛው ቋንቋ ነው የምለው? ጫልቱ አትሰማም። ደሬሳ አለ። ዓይኑ ስለማያነብለት ወረቀቱን ሰጥቼው መሸሽ አልችልም፤ እኔው ፊደል እየቆጠርኩ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነው የማነብለት። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ ቢያባርረኝ እወጣለሁ። ቢሰድበኝ እሰማለሁ። ስሞትም ደሬሳ ቀብሬ ላይ ባይቆም፣ ድንኳኔ ውስጥ ባይቀመጥ፣ የሰፈሩ ሰው አንድም ቃል እንዳይናገረው ለልጆቼ አስታውቃለሁ።